የሐጂ ኑሩ ዓሦችና የእኔ ጎማ

አስቀድሜ የተረጋገጠውን ልናገር። ገንዳው የመስታወት ነው። የሚገኘው ሞጣ ከተማ፣ ሐጂ ኑሩ ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ ነው። ውስጡ ውሃ፣ ጠጠር፣ አንድ ትልቅ ድንጋይና ቀያይ ዓሦች አሉ። የዓሦቹን ቁጥር ግን አሁን አልናገርም። መጀመሪያ ሌላ ሌላውን ላውራ።

ብዙ ሰው ደፋር ነው ይለኛል። ደፋር አይደለሁም፤ የሥራ ልማድ ነው። አንድ ነገር ድንገት ሲደርስ ሰው ይሮጣል፣ እኔ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣለሁ። እስክሪብቶ የያዘ ሰው ፍርሃቱ ወደ ጣቱ ይወርድና ሥራ ያገኛል። ብዙ ዓመት ለሬዲዮ ስዘግብ የኖርኩት በዚህ ዘዴ ነው። ጎርፍ ድልድይ ሲወስድ ከማዶ ቆሜ ሰዓቱን መዝግቤያለሁ። አንድ ጊዜ ከአምበር በላይ፣ ፍሬን እምቢ ባለው አይሱዙ ውስጥ ተቀምጬ፣ ከመሪው ጋር የሚታገለውን ሹፌር «አሁን ምን ይሰማሃል?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። የሰጠኝ መልስ ለአየር የሚበቃ አልነበረም፤ እኔ ግን ጻፍኩት።

በሐጂ ኑሩ ዓሦች ፊት እስክሪብቶው አልሠራም።

ሐጂ ኑሩ የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ፣ የሟቹ አባቴ ወዳጅ ናቸው። አባቴ ከቢቸና ወደ ሞጣ ሲሄድ የሚያድረው እሳቸው ቤት ነበር። በግ የሚያርዱለት ከሆነ በክርስቲያን እጅ እንዲታረድለት ጎረቤታቸውን መሪጌታ ጥበቡን ያስጠሩ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሲጠራህ «ሥራ አለብኝ» አይባልም። ጠሩኝ፤ ሄድኩ።

የዓይን ሞራ ሁለቱንም ዓይናቸውን ከጋረደባቸው ሁለት ዓመት አልፏል። ባሕር ዳር ሄደው ኦፕራሲዮን ሊሆኑ ነው። ችግሩ ዓሦቹ ነበሩ። ዓሦቹን ያመጣችላቸው ልጃቸው ናት፤ ተድራ ደሴ ከመሄዷ በፊት፣ የእሳቸውም ዓይን ገና ደህና ሳለ። ዓይናቸው ከደከመ በኋላም በየምሽቱ ገንዳው ፊት ይቀመጣሉ። የሚታያቸው ቀይ ነገር ውሃ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ይበቃኛል ይላሉ።

«አንተ ስለ ጣና ዓሣ አጥማጆች በሬዲዮ ስትናገር ሰምቼሃለሁ» አሉኝ።

«ሐጂ፣ እሱ እኮ ስለ አጥማጆቹ እንጂ ስለ ዓሣው አይደለም።»

«ዓሣውን ሳታውቅ የሚያጠምደውን እንዴት አወቅከው?»

ብዙ ባለሥልጣን ጠይቄ አፋጥጫለሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ቀርቦልኝ አያውቅም።  ዝምታዬን እሺታ አደረጉት።

«ዘሃራ እንዳትጠብቃቸው ትፈራቸዋለች» አሉ ወደ ባለቤታቸው እየጠቆሙ። «ጭራቸውን ሲያወዛውዙ ልቧ ይርዳል። እንግዲህ ስማኝ። ሐኪሙ ዓይኔን ሲፈታልኝ መጀመሪያ የማየው ሐኪሙን ነው፣ ምን አደርጋለሁ። ቤቴ ስገባ መጀመሪያ የማየው ግን እነሱን ነው። ሰባት ናቸው። ሰባቱንም አደራ።»

ደብተሬን አውጥቼ «7» ብዬ ጻፍኩ፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። እትዬ ዘሃራ በዚያ ቅጽበት ሻሻቸውን አውልቀው እንደገና አሰሩ። ይህንን አየሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም። ጥሩ ጋዜጠኛ ይጠይቅ ነበር።

ሐጂ ሄዱ፤ እኔ የእንግዳ ክፍሉን ያዝኩ። አደራ የተሰጠው ሰው ፍርሃት ከሌላው ፍርሃት ይለያል። ጎርፍ ስታይ የምትፈራው ለራስህ ነው፤ ሮጠህ ትገላገላለህ። የሰው አደራ ግን የት ትሮጥበታለህ? በሌሊት ልብሴ እየተነሣሁ ይንቀሳቀሱ እንደሆን አያለሁ። አንዱ ቆም ካለ ሞተ እላለሁ። ጣቴን መስታወቱ ላይ ሳንኳኳ ይንቀሳቀሳል፤ ደንግጦ ሊሞት ነው እላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ያረጋጋኝ ነበር፤ ምግብ ስሰጣቸው መብላታቸው። የሚበላ ነገር አልሞተም፤ ይህ የማያከራክር እውነታ ነው። ስለዚህ በፈራሁ ቁጥር አበላሁ። ብዙ ጊዜ ፈራሁ።

በኋላ እንደተረዳሁት ደግሞ እትዬ ዘሃራ እኔ ዞር ስል «እኛ ብንጾም እነሱ ምን በደሉ» እያሉ ከበሩ አጠገብ ሆነው የዳቦ ፍርፋሪ ይወረውሩላቸው ነበር። ቀረብ ብለው እንዳይጥሉት ፈርተው ነው። በሦስተኛው ቀን ውሃው የተልባ ጭማቂ መሰለ።

ባሕር ዳር የገንዳ ዓሣ የሚሸጥ የአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ሐጂ ትተውልኝ ነበር። ዳታ ስለማይሠራ ቪዲዮ ማየት አይቻልም፤ ያለኝ የሰውየው ድምፅ ብቻ ነው። ደወልኩ።

«ውሃውን ሙሉ እንዳትለውጠው» አለኝ። «ሲሶውን ብቻ። ከላይም በጣሳ አትቅዳው፤ ቆሻሻው ያለው ከታች፣ ጠጠሩ ውስጥ ነው። በጎማ ሳበው። የምትጨምረውንም ውሃ ቀድተህ አሳድረው።»

«ሙሉውን ብለውጠውስ?»

«ይደነግጣሉ።»

«መደንገጣቸውን በምን አውቃለሁ?»

«ታውቃለህ» አለ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ስልኩ ይቋረጥ እሱ ይዝጋው እስካሁን አላውቅም። «ታውቃለህ» የሚለው ቃል ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።

በዚያው ቀን ለሥራ ቢቸና መግባት ነበረብኝ፤ በጥድፊያ ሄድኩ። ስብሰባው እንዳለቀ ግንበኞች ውሃ ልክ የሚለኩበትን ነጭ ላስቲክ ጎማ፣ ወፍራሙን፣ ሦስት ሜትር አስቆርጬ ገዛሁ። ቤቴ ገብቼ የአንድ ባዶ የውሃ ሃይላንድ ቂጥ ቆርጬ ጣልኩ፤ አንገቱን ከጎማው ጋር ገጥሜ በብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ አጥብቄ አሰርኩት። ሰፊው አፉ ጠጠር ላይ ያርፋል፣ ቆሻሻውን ይስባል። ዓሣ እንዳይገባበት ደግሞ አፉን በአሮጌ አጎበር ጨርቅ ሸፈንኩት። ትንኝ የማያሳልፍ ዓሣ አያሳልፍም፤ ይህንንም ጻፍኩ።

አንድ ባልዲ ጠረጴዛ ላይ፣ ሌላ ባልዲ መሬት ላይ አድርጌ ከራት በኋላ ሞከርኩት። የጎማውን ጫፍ በአፌ ያዝኩ፣ ሳብኩ፣ ውሃው ሲደርስልኝ አፌን አንሥቼ ወደ ታችኛው ባልዲ ለቀቅኩት። ፈሰሰ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ ፈሰሰ። ባለቤቴ ቆማ ስታይ ቆየችና «ምነው የቧንቧው መሥሪያ ቤት አንተን በቀጠረ» አለች። ሁለታችንም በልተን ጠጥተን ስለነበር ትልቁ ስህተት ፊታችን ቆሞ አላየነውም።

በማግሥቱ ማለዳ ጎማውን ጠቅልዬ ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ እኔን አየ፣ ጎማውን አየ፣ ወርዶ የቤንዚን ታንከሩን ክዳን አጠበቀና ተመለሰ። ደብረ ወርቅ ላይ ሻይ ለመጠጣት የማይወርድ ሹፌር አይቼ አላውቅም ነበር፤ ጾም መሆኑ ትዝ ሊለኝ የሚገባው ያኔ ነበር። እኔ ግን የሚታየኝ አገጫቸውን ወደ ላይ ያነሡ ዓሦች ነበሩ።

ሞጣ ስገባ አራት ሰዓት ሆኗል። የፈራሁት ደርሷል። ዓሦቹ ሁሉ ከውሃው አናት ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። የሚናገሩት ነገር ያለ ይመስላል። ሲደነግጡ «ታውቃለህ» ብሎኛል ሰውየው፤ አወቅኩ። ባልዲ አስቀመጥኩ፣ ሃይላንዱን ጠጠሩ ላይ ጣልኩ፣ የጎማውን ጫፍ ወደ አፌ ወሰድኩ።

«አንተ!» አሉ እትዬ ዘሃራ ከበሩ። «ጾም አይደለህም እንዴ?»

ጎማው ከንፈሬ ላይ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። ሁዳዴ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብታ ውሃ አልቀምስም፤ የቀረኝ አምስት ሰዓት ነው። ጎማውን ከአፌ አወጣሁና ሳላስበው ወደ እሳቸው ዘረጋሁት።

«አስተግፊሩላህ! እኔስ?» አሉ። «ረመዳን አይደለም? የአንተ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ የእኔ እስኪመሽ ነው።»

ነገሩን በእርጋታ ላስረዳ። በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን አንድ ላይ ገብተዋል። ከሞጣ ሰው ግማሹ ለዘጠኝ ሰዓት፣ ግማሹ ለመግሪብ ይጠብቃል። በዚያች ሰዓት በከተማው አፉ ነፃ የሆነ ጤነኛ አዋቂ ሰው የለም። ለጾም ያልደረሱ ልጆች አሉ፤ ነገር ግን ያንን ተልባ ወደ ሰው ልጅ አፍ ለመላክ ሕሊናዬ አልፈቀደም። ከኋላዬ ዓሦቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። በጣሳ ልቀዳ ሞከርኩ፤ ጣሳው ገና ሲገባ ከታች ቡናማ ጭስ ተነሣ፣ ዓሦቹ ከመስታወቱ ጋር ተላተሙ። ጣሳውን ጣልኩና እየሮጥኩ ወጣሁ። ሐጂ ቤት ደጃፍ ላይ ስሮጥ የታየሁት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

በሩ ላይ መሪጌታ ጥበቡን አገኘኋቸው። መሪጌታ ቅኔ ያስተምራሉ፤ ጥያቄ ይወዳሉ፤ የሚጠይቃቸውን ሰው ማንገላታት ግን ከጥያቄው ይበልጥ ይወዳሉ።

«መሪጌታ፣ የዓሣ ገንዳ ውሃ በጎማ በአፍ መሳብ ጾም ይገድፋል?»

መቋሚያቸውን ተደግፈው አሰቡ። «ትውጠዋለህ ወይስ አትውጠውም?»

«አልውጠውም።»

«እንደማትውጠው በምን ታውቃለህ?»

«እጠነቀቃለሁ።»

«ሲደነግጡ ይዋጣል። አሁን ደግሞ ደንግጠሃል፤ ላብህ ይታያል።» መቋሚያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። «ዓሣዎቹ እዚያ ውሃ ውስጥ ስንት ጊዜ ኖሩ?»

«ይኸው ሦስት ዓመት።»

«ሦስት ዓመት ዓሣ የተዘፈዘፈበት ውሃ እንግዲህ ምንድን ነው? እሳት ያልነካው የዓሣ መረቅ ነው። መረቅ ልጠጣ ነው ብለህ በጠዋት ታስፈቅደኛለህ?»

«መሪጌታ፣ እየሞቱ ነው!»

«እንግዲያ ቶሎ በል» አሉኝ፤ መፍቀዳቸው ይሁን መከልከላቸው አልገባኝም፤ ለመጠየቅም ጊዜ አልነበረኝም።

ቀጥሎ አስናቀ ዘንድ ሮጥኩ። አስናቀ ባጃጅ ጠጋኝ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ቤንዚን በጎማ ሲስብ የኖረ፣ በዚህ ሙያ በአካባቢው እሱን የሚስተካከል የለም። ሲያየኝ ከባጃጁ ሥር ወጣ።

«አስናቀ፣ አንዴ በአፍህ የምትስብልኝ ነገር አለ።»

«ወንድሜ፣ እኔ እኮ ሁዳዴ ከገባ ቤንዚንም የምስበው ከዘጠኝ በኋላ ነው» አለ በጥቁር ጨርቅ እጁን እየጠረገ። «ምንድን ነው የሚሳበው?»

ነገርኩት። ባጃጁን ተደግፎ ሳቀ።

«ዓሣ ነው እንዴ? ታዲያ እዚህ አምጣቸው። ከዘጠኝ በኋላ ለነሱ መላ አለኝ።»

«ምን መላ?»

«ዘይት አለ። ቃሪያ አለ። ሎሚ ከጠፋም እናፈላልጋለን።»

«አስናቀ! አደራ ነው!»

ፊቴን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። ደህና ሰው ነው። «እሺ ስማኝ። አፍ ለምን ያስፈልጋል? ሌላ ባዶ ሃይላንድ የጎማው ጫፍ ላይ ግጠም። ጭምቅ አድርገህ ልቀቀው። ሲለቀቅ ራሱ ይስባል።»

ይህ ትክክል ነው። ሃይላንድ ተጨምቆ ሲለቀቅ ይስባል። ነገር ግን አስናቀ ያልነገረኝ፣ እኔም ያልጠየቅኩት አንድ ነገር አለ፤ ከመልቀቁ በፊት ሲጨመቅ ይተነፍሳል። መጀመሪያ ውጭ ጨምቆ ከዚያ መግጠም ነው። እኔ ገጥሜ ጨመቅኩ። በሁለት እጄ፣ ባለኝ ኃይል፣ በፍርሃት።

በሃይላንዱ ውስጥ የነበረው አየር በሦስት ሜትር ጎማ ተጉዞ ጠጠሩ መሃል ፈነዳ። የሦስት ዓመት ቆሻሻ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ገንዳው ውስጥ የነበረው ሁሉ ጠፋ፤ ድንጋዩ፣ ጠጠሩ፣ ዓሦቹ። ከፊቴ ያለው የጭቃ ግድግዳ ነው። መስታወቱ ላይ የራሴን ፊት አየሁ፤ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ደብተሬን አወጣሁ፤ ፍርሃቴ ወደ ጣቴ ይወርድልኝ እንደሆነ ብዬ። የጻፍኩትን በኋላ ሳነበው «ሐጂ ሐጂ ሐጂ» ይላል።

እትዬ ዘሃራ ከበሩ ሆነው ሁሉንም ሲያዩ ቆይተዋል። «ምን እያደረግህ ነው?» አሉኝ በቀስታ።

«ጎማው እንዲስብ ነው እትዬ።»

«ታዲያ ውሃ አትሞላውም?» አሉ። «እኛ ከበርሜል ወደ ጀሪካን ስንቀዳ ዕድሜያችንን ጨረስን። የጨመቅኸውን ሃይላንድ ንቀል፤ ያኛው እዚያው ገንዳው ውስጥ ይቆይ፤ በዚህኛው ጫፍ ጎማውን ውሃ ሙላው፣ በአውራ ጣትህ ድፈነው፣ ባልዲው ውስጥ ልቀቀው።»

«ለምን ከጠዋት አልነገሩኝም?»

«መች ጠየቅኸኝ? መሪጌታን ጠየቅህ፣ አስናቀን ጠየቅህ።»

እንዳሉት አደረግኩ። ፈሰሰ። ያለ አፍ፣ ያለ ፓምፕ፣ ያለ መሪጌታ። ቡናማው ውሃ በነጩ ጎማ ውስጥ ሲወርድ እያየሁ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ሞጣ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ አይደፋም፤ ባልዲ በሞላ ቁጥር በጓሮ ወስጄ ቲማቲም ሥር አፈሰስኩ። ሲሶው ሲወጣ እትዬ ዘሃራ ቀድተው ካሳደሩት በርሜል ቀስ እያልኩ ጨመርኩ። በስምንት ሰዓት ጭቃው መርጋት ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ጭራ፣ ከዚያ አንድ ጀርባ። ከአናት ወርደዋል፤ አፋቸውን ዘግተዋል፤ ይዋኛሉ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ እትዬ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ እኔ።

ከዚያ ቆጠርኩ።

ስድስት።

ደግሜ ቆጠርኩ። ከግራ ወደ ቀኝ ስድስት። ከቀኝ ወደ ግራ ስድስት። ዓሣ አይቆምም፤ አንዱን ሁለቴ ቆጥሬ ሰባት ባገኝ እንኳ ደስ ይለኝ ነበር። ሰባተኛው ከድንጋዩ ኋላ ይሆናል ብዬ ዞሬ አየሁ፤ ከድንጋዩ ኋላ ያገኘሁት የአጎበሩን ቁራጭ ነው። ፍንዳታው ከጎማዬ አፍ ላይ ገንጥሎት ኖሯል። ማለትም ውሃውን ሁሉ የሳብኩት አፉን በከፈተ ጎማ ነው።

ማስረጃው ይህን ያህል ግልጽ ሲሆን ሰው ምን ያደርጋል? እኔ ማንኪያ ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ባልዲዎቹን ያፈሰስኩበትን የቲማቲም ሥር በጉልበቴ ተንበርክኬ መቆፈር ጀመርኩ። የቤቱ ድመት ከአጥሩ ላይ ሆና ከንፈሯን ትልሳለች። በዚህ ብቻ ልከሳት አልችልም፤ ድመት ያለምክንያትም ትልሳለች። ግን ተያየን።

«ምን ትፈልጋለህ እዚያ?» አሉ እትዬ ዘሃራ ከወጥ ቤቱ በር። ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፤ የእኔ መንቀጥቀጥ ነው የሚሰማኝ ብዬ አለፍኩት።

«ጠጠር ነው እትዬ። ከገንዳው ጠጠር አብሮ ወጥቶ እንዳይሆን።»

በሥራ ዘመኔ ሁሉ እያወቅኩ የተናገርኩት የመጀመሪያው ሐሰት ይህ ነው። እሳቸው ወደ ወጥ ቤት ገቡና በሩን ዘጉ።

አመሻሹ ላይ ስልክ ጮኸ። ሐጂ ናቸው። «ተፈታልኝ!» አሉ። «ዛሬ ጣቶቼን ቆጠርኳቸው። አሥር ናቸው! ነገ እመጣለሁ። ልጆቼስ?»

«ደህና ናቸው ሐጂ» አልኩ። «ሰባቱም» አላሉም፤ እኔም አላልኩም። እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጡኝን ሰዎች ስንቴ በሬዲዮ አጋልጫለሁ።

ወዲያው ለባሕር ዳሩ ሰው ደወልኩ። አንድ ቀይ ዓሣ፣ ጣት የሚያህል፣ በጠዋቱ የመጀመሪያ ሚኒባስ፣ ውሃ ባለበት ዕቃ። «ምን ሆነ?» አለኝ። «ታውቃለህ» አልኩት።

በማግሥቱ ከሚኒባሱ አንድ ሰዓት ቀድሜ መናኸሪያ ደረስኩ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ሐጂ በኋለኛው መኪና ይመጣሉ፣ እኔ ዓሣውን በፊተኛው ተቀብዬ ገንዳ ውስጥ እጨምራለሁ፣ ይህ ነገር ከእኔና ከድመቷ ውጭ ሰው ሳይሰማው ያልፋል። ሚኒባሱ ገባ። ከሹፌሩ ጎን፣ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው ሐጂ ኑሩ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ ሰፊ አፍ ያለው የማር ፕላስቲክ ይዘዋል። ፕላስቲኩ ውስጥ ቀይ ዓሣ አለ።

እግሬ ወደ ኋላ ሄደ፤ ግንቡ መለሰኝ።

«ሹፌሩ ‹ሐጂ፣ ይቺን አደራ ይያዙልኝ፣ ሞጣ አንድ ጋዜጠኛ ይቀበላታል› አለኝ» አሉ እየወረዱ። «ሞጣ ውስጥ ስንት ጋዜጠኛ አለ?»

«ዛሬ... አንድ ነው ሐጂ።»

«ቤቴ ስገባ መጀመሪያ የማያቸው እነሱን ነው ብዬህ ነበር። ይቺ ቀደመች። ከባሕር ዳር እስከዚህ ስንተያይ መጣን።» ፕላስቲኩን ለእኔ አልሰጡኝም። አቅፈው ቤት ድረስ ሄዱ፤ በመንገድ አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም። የሚጠይቅ ሰው ሲያስፈራኝ ኖሬ አላውቅም፤ የማይጠይቅ ሰው ምን እንደሚመስል ያን ቀን ተማርኩ።

ሳሎን ገቡ። እትዬ ዘሃራ ከበሩ አጠገብ ቆመዋል። ሐጂ ገንዳው ፊት ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው አዩ። ከዚያ ጣታቸውን አነሡ። 

«ስድስት» አሉ።

እንደ ዘገባ ተናገርኩ፤ ሌላ አነጋገር አላውቅም። ማን፣ የት፣ መቼ። ምግቡን ማብዛቴን፣ ሃይላንዱን መጭመቄን፣ አጎበሩ መገንጠሉን፣ ባልዲውን የት እንዳፈሰስኩ። «አንዱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ፈልጌ አጣሁት። ሊያውቁ አይገባም ብዬ ሌላ አስመጣሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ኧረ እሱ አይደለም!» አሉ እትዬ ዘሃራ። እንባቸው ወርዷል። «እሱ ምንም አላጠፋም። ሰባተኛው የሞተው ባለፈው መውሊድ ሰሞን ነው። ጠዋት ስነሣ ተንሳፍፎ አገኘሁት። የልጅቷ ስጦታ ነው፣ እርስዎም ዓይንዎ ታሟል፣ በዚያ ላይ ይህን ሲሰሙ... በማንኪያ አወጣሁት፣ ዓይኔን ጨፍኜ። ቲማቲሙ ሥር ቀበርኩት።» ወደ እኔ ዞሩ። «ትናንት ይሄ ልጅ እዚያው ቲማቲም ሥር ተንበርክኮ ሲቆፍር ሳይ ደርሶብኛል ብዬ ልሞት ነበር! ጋዜጠኛ ነው፣ ምን ይሳነዋል አልኩ።»

ሐጂ አንዳችንን አዩ፣ ሌላችንን አዩ። «ታዲያ በየማታው ስትቆጥሪልኝ የነበረው?»

«ስድስቱን እቆጥርና አንዱን ደግሜ...»

«ስድስት ናቸው ብትይኝ ምን እሆን ነበር?»

«ያዝኑ ነበር።»

«አዝን ነበር» አሉ ሐጂ ራሳቸውን እየነቀነቁ። እጃቸውን ዘርግተው የእትዬ ዘሃራን የሻሽ ጫፍ ሳብ አድርገው ለቀቁት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ? ስትረከበኝ ቆጠርካቸው?»

«አልቆጠርኩም።»

«ሰባት ናቸው ብሎ ማን ነገረህ?»

«እርስዎ ሐጂ።»

«እኔ ያን ጊዜ ይታየኝ ነበር?»

ይህን ጥያቄ በዚያው ደብተር፣ ካሰመርኩበት «7» ሥር ጽፌዋለሁ። መልስ አልጻፍኩበትም።

ሐጂ የማሩን ፕላስቲክ ከፈቱ። የባሕር ዳሩ ሰው እንዳለው መጀመሪያ ፕላስቲኩን እንዳለ ውሃው ላይ አንሳፈፍነው፤ ከዚያ ቀስ ብለን ገለበጥነው። አዲሱ ዓሣ ገባ፣ አንድ ጊዜ ዞረ፣ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቀለ። ሐጂ በጣታቸው እየተከተሉ ቆጠሩ።

«ሰባት» አሉ። «በል አሁን ጻፍ።»

ደብተሬን ከፈትኩ። እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ከዚያ አስቀመጥኩት።

«ይቆዩኝ ሐጂ» አልኩና መስታወቱ አጠገብ ተንበርክኬ እኔም ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት።

ስድስት።  መስታወቱን በጣቴ አንኳኳሁ።

ከድንጋዩ ኋላ አንድ ቀይ ጭራ ብቅ አለ።